«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ»

እንደምን ዋላችሁ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ።

እዚህ ስድስት ኪሎ መጥቼ ስለ ጥናት ዘዴ እንድናገር ስትጠሩኝ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት። ስለ ፎርሙላ ግን አላወራም፤ እሱን መምህሮቻችሁ በደንብ ያስተምሯችኋል። እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ አንዲት ቁጥር ነው። 99።

መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት የዞረ ሰው ያውቃታል። ተጠያቂው «አላውቅም» ሲል ወረቀቱ ላይ የምትከበብ ቁጥር ናት።

ከዓመታት በፊት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ፒያሳ አካባቢ ስዞር አንድ ጠባብ ግቢ ገባሁ። አንዲት እናት ምስር ይለቅማሉ። «እማማ፣ በወረዳዎ አመራር ላይ ምን ያህል እምነት አለዎት?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ።» 99ን አከበብኩ። ቀጣዩም 99፣ ከዚያ በኋላ ያለውም 99። ጨርሼ ወረቀቱን አጥፌ እስክሪብቶዬን ኪሴ ስከት ግን «ቡና ደርሷል፣ ቁጭ በል» አሉኝ፤ ከዚያማ ስለሚጠፋው ውሃ፣ ለአንዲት ማኅተም ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ፣ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ማን ሊቀመንበር ሆኖ ማንን እንደበደለና ማንን እንደረዳ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩኝ። ስለ ሰፈሩ አስተዳደር እንደሳቸው የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም።

በትንተናው ላይ 99ኞቹ «የጎደለ መረጃ» ተብለው ከስሌቱ ወጡ። እማማም አብረው ወጡ።

ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው፣ የማያውቀው እንግዳ ወረቀት ይዞ ደጁ ሲቆም «ምን አውቃለሁ» ቢል አለማወቁን አይደለም የሚነግረን። ማን እንደላከን እስኪያጣራ ነው።

ለዚህ ነው አፍሮባሮሜትር የሚጠይቃትን አንዲት ጥያቄ በጣም የምወዳት። ይህ የሕዝብን አስተያየት የሚጠይቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1999 በ12 የአፍሪካ አገሮች የተጀመረ ነው። ሌላው ሁሉ ተጠይቆ ሲያበቃ «ማን የላከን ይመስልዎታል?» ይላል። «መንግሥት» ያለው ሰው የሰጠውን መልስ ከሌላው ጋር ማነጻጸር ይቻላል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 እኛ አገር 2,400 ሰው ሲጠየቅ፣ አገራችን ዲሞክራሲያዊት ናት የሚለው መልስ በጣም ከፍ ብሎ ወጣ፤ ተመራማሪዎቹም ፍርሃት ይሆን፣ አለማወቅ ይሆን፣ ወይስ ሰው ለዲሞክራሲ የሰጠው የራሱ ትርጉም ብለው መመርመር ግድ ሆነባቸው። የሚያምር ቁጥር አግኝተው ዝም አላሉም።

ሌላም መንገድ አለ፤ የዝርዝር ሙከራ ይባላል። ተጠያቂዎቹን በዕጣ ለሁለት ትከፍላላችሁ። ለአንዱ ቡድን የማያስፈሩ ሦስት ነገሮች ታነባላችሁ፤ ለሌላው ያንኑ ሦስትና አንድ የሚያስፈራ ነገር። «ስንቱ እርስዎን ይመለከታል?» ትላላችሁ፤ የትኛው እንደሆነ አትጠይቁም። የሁለቱ ቡድን አማካይ ልዩነት፣ የሚያስፈራውን ነገር ስንት ከመቶው እንደሚጋራ ይነግራችኋል፣ ማንም ሰው ግን የሚያስፈራውን በቀጥታ አልተናገረም። ብዙ ሰው ካልጠየቃችሁ ግን ግምቱ በጣም ይዋዥቃል።

አሁን ደግሞ ስለ ቃል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጠይቅ አገሩንና ሥርዓቱን ሁሉ የያዘውን ተቋም ለብቻ፣ ዛሬ ሥልጣን ላይ ያሉትን ሰዎች ለብቻ ይጠይቃል። እኛ ሁለቱንም «መንግሥት» ብለን እንተረጉማለን። እማማ «መንግሥት ይቆጣኛል» ሲሉ የወረዳውን ጸሐፊ ይሆናል፤ «መንግሥት ባይኖር እንበላላ ነበር» ሲሉ ሌላ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አድርገን «እምነት 62 ከመቶ» ብንል ምን ለካን? ጣሊያናዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ጆቫኒ ሳርቶሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ጽንሰ ሐሳብን ከተወለደበት አገር ወስዶ ሳያስተካክሉ ሁሉም ላይ መለጠጥ እንደሚያሳስት ጽፏል። እኔ ይህ የገባኝ ከንባብ በፊት በቡናው ላይ ነው።

ናሙናውንም እዩት። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራችን የ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ኮንዶሚኒየም ገባ፣ ፒያሳና ካዛንቺስ ስንቱ ተነሥቶ ሄደ። እማማ የነበሩበት ግቢም ዛሬ የለም። በዚያ ቆጠራ ካርታ የምትጠይቁትን ቤት የምትመርጡ ከሆነ መጀመሪያ እግራችሁን አንቀሳቅሱ፣ ቤቶቹን ራሳችሁ መዝግቡ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። መጠይቃችሁ ላይ ለ«አላውቅም» አንድ ሳጥን ብቻ አታስቀምጡ። «አላውቅም» ለብቻ፣ «መናገር አልፈልግም» ለብቻ፣ ከሥሩ ደግሞ ሰውየው ያለውን ቃል በቃል የምትጽፉበት ሁለት ባዶ መስመር። እስክሪብቶው ኪስ ከገባ በኋላ የተነገረውንም፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ ማታ ቤት ገብታችሁ ጻፉት፤ ስም ሳትጠቅሱ።

የዚያን ጊዜውን ባዶ መጠይቅ ይዤ መጥቻለሁ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለሻይ ስንወጣ ኑና እዩት፤ እማማን የጠየቅኋቸውን ጥያቄ እናንተ ብትሆኑ እንዴት እንደምታነሡት ንገሩኝ።