አርባ ምንጭ፦ ቆላና ደጋ የሚገበያዩባት ከተማ

ውድ አድማጮቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በዛሬው ዝግጅት ስለ አርባ ምንጭ ጥቂት ላወጋችሁ እወዳለሁ፤ በተለይም ብዙ እንግዳ አዞና ጉማሬ አይቶ ሲመለስ ሳያያት ስለሚቀረው አርባ ምንጭ።

ወደ ከተማዋ የሚመጣ ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው። ሴቻ በሚባለው የላይኛው ሰፈር ጠርዝ ላይ ቆሞ ከታች የተንጣለሉትን የአባያንና የጫሞን ሐይቆች፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የተባለውን ኮረብታማ መሬት ፎቶግራፍ ያነሣል። አባያ ወንዞች ጠርገው ያመጡት ደቃቅ አፈር ሳይዘቅጥ ስለሚቆይበት ቡናማ ሲሆን ጫሞ ግን ጠራ ያለ ነውና ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት በእርግጥም ደስ ያሰኛል። ቀጥሎ በጀልባ የአዞ ገበያ ወደሚባለው የጫሞ ዳርቻ ይሄዳል፤ ሻጭም ገዢም የሌለበት፣ ሁሉም አፉን ከፍቶ ፀሐይ የሚሞቅበት ገበያ ነው። በመጨረሻም ዓሣውን በዳጣ በልቶ ይመለሳል። ይህን አልነቅፍም፤ እኔም ዓሣውን ሳልቀምስ ተመልሼ አላውቅም።

ነገር ግን በእኔ አስተያየት አርባ ምንጭን ልዩ የሚያደርጋት ከሐይቆቿ ይልቅ የቆመችበት ቦታ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ወደ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ የምትርቀው ጨንቻ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። በታችኛው ሰፈር ከሚገኘው ከሲቀላ መናኸሪያ በላብ ተጠምቆ የተነሣ መንገደኛ ጨንቻ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል። ከታች ሙዝ፣ ማንጎና ጥጥ ይበቅላል፤ ከላይ እንሰት፣ ገብስ፣ ቀርከሃ፣ እንዲሁም ሚስዮናውያን ያስገቡት አፕል። አንዱ ያለውን ሌላው ስለሚያጣው የጋሞ ሰው ከጥንትም ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ነው፤ ገበያዎቹም የዚህ መውጣትና መውረድ ልጆች ናቸው።

የጥጡን ጉዞ ብቻ መከተል ይበቃል። ቆላ የበቀለው ጥጥ ደጋ ወጥቶ በዶርዜ ሴቶች ይፈተላል፣ በወንዶቹም ይሸመናል፤ ከዚያ ጋቢ፣ ኩታና ቡሉኮ ሆኖ ተመልሶ ይወርዳል። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሄዶ የአገር ልብስ የገዛ አድማጭ ካለ፣ ከዚሁ ተራራ የወረደ ሸማኔ ወይም የልጁ እጅ ያረፈበትን ልብስ ለብሶ ሊሆን ይችላል። ዶርዜዎች ቤታቸውንም እንደ ልብሱ ከቀርከሃ ይሸምኑታል ማለት ይቻላል። ፊቱ ዝሆን የሚመስለው ያ ረጅም ቤት ሥሩን ምስጥ ሲበላው ከታች ይቆረጥና ዝቅ ይላል፤ ካስፈለገም ሰዎች ተጋግዘው ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። ስለዚህ የአንድን ቤት ዕድሜ ከማጠሩ መገመት ይቻላል።

ደጋው ለቆላው የሚሰጠው ትልቁ ነገር ግን ገበያ ላይ አይታይም። እርሱም ውኃው ነው። ከተራሮቹ የሰረገው ውኃ ከከተማዋ ግርጌ በምንጭነት ይፈልቃል፤ ዝናብ ብቻውን ሊያኖረው የማይችለውን ጥቅጥቅ ያለ ደን ከነሾላዎቹና ከነጉሬዛዎቹ የያዘው ይህ የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ከተማዋም የምትጠጣው ከዚያው ነው። ደኑ በ1974 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በተቋቋመው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ቢሆንም፣ ሴቶች ከባድ የማገዶ ሸክም አዝለው ያንን ዳገት ሲወጡ ማየት የተለመደ ነው። የደን ጥቅም አልገባቸውም የሚለውን አነጋገር ፈጽሞ አልቀበለውም፤ ከማንም በላይ ያውቁታል፣ ነገር ግን የማገዶው ዋጋ የዕለት እንጀራቸው ነው። ከተማው ለምድጃው ሌላ ርካሽ ነገር እስካላገኘ ድረስ ዘበኛ በማሰማራት ብቻ የሚለወጥ ነገር አይታየኝም።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ የጨንቻ ገበያ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ የዶርዜው ሰኞና ሐሙስ መሆኑን ይዛችሁ ቀናችሁን አስተካክሉ። ምንጮቹን በማለዳ ጎብኙ፤ ወደ ተራራው ስትወጡም ወፍራም ልብስ ያዙ፣ ካልሆነም እዚያው ጋቢ ግዙ። ሰው ከማነጋገራችሁ በፊት ካሜራ አታውጡ፤ ጋቢው ላይ ግን እንደ አገሩ ወግ ተከራከሩ።