ከሎሚ ያልወጣው የሎሚ አሲድ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ላይ «ሲትሪክ አሲድ» የሚለውን ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ለብዙ ዓመታት በዓይነ ኅሊናዬ የሚመጣው ሎሚ ነበር። ነገሩን ሳጠና ግን፣ ዛሬ ገበያ ላይ የሚውለው ሲትሪክ አሲድ ከሞላ ጎደል በሙሉ ሎሚ ሳይነካው፣ ስኳር በሚመገብ ጥቁር ሻጋታ እንደሚመረት ተረዳሁ፤ እስከ ዛሬም መደነቄ አልቀረም።

አጀማመሩስ ከሎሚ ነው። ኬሚስቱ ካርል ቪልሄልም ሼሌ እ.ኤ.አ. በ1784 የሎሚ ጭማቂን በኖራና በሰልፈሪክ አሲድ አጣርቶ ክሪስታሉን ለየው፤ ከዚያም ጣሊያን ከሎሚዋ የሚገኘውን ካልሲየም ሲትሬት (አሲዱ ከካልሲየም ጋር ሲዋሐድ የሚሆነውን ጨው) እየሸጠች ገበያውን ለረጅም ጊዜ ያዘች። በ1917 ጄምስ ከሪ አስፐርጊለስ ናይጀር የተባለው ሻጋታ ከስኳር ብዙ አሲድ እንደሚያመነጭ አሳወቀ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ፋይዘር የተባለው ኩባንያ በዚሁ መንገድ ማምረት ጀመረ።

ልቤን የሚይዘው አሠራሩ ነው። ለሻጋታው ስኳርና አየር በገፍ ይቀርብለታል፤ ማንጋኒዝ የተባለው ማዕድን ግን በጣም ጥቂቱ እንኳ እንዳይደርሰው ይጠበቃል፤ ካገኘ ስኳሩን ለገዛ እድገቱ ያውለዋልና። ሲያጣ ክሮቹ አጥረውና አብጠው ትንንሽ እንክብል ይሆናሉ፤ አሲዱንም ወደ ፈሳሹ ይለቃል። ሻጋታው ተጣርቶ ከወጣ በኋላ በብዙ ፋብሪካዎች ዛሬም ኖራ ይጨመራል፣ ካልሲየም ሲትሬት ይዘቅጣል፣ ሰልፈሪክ አሲድም አሲዱን ነጻ አውጥቶ ጂፕሰም ያስቀራል። ሎሚው ተተካ እንጂ የሼሌ መንገድ አልተተወም።

ዓመታዊው ምርት ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ሲሆን ትልቋ አምራች ቻይና ናት፤ ከተገቢው ዋጋ በታች ይሸጣል በሚል የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008፣ አሜሪካ ደግሞ በ2009 በቻይና ምርት ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ጥለዋል።

የኔ ትኩረት ግን ወደ ካልሲየም ይመለሳል። በውኃ ማፍያ ማንቆርቆሪያ ግድግዳ ላይ የተጋገረው ነጭ የካልሲየም ቅርፊት የአሲዱ ውኃ ሲነካው አረፋ እያወጣ ይሟሟል፤ ይህን ባየሁ ጊዜ በፋብሪካው ጋን ውስጥ የሚሆነውን ያየሁ ያህል ይሰማኛል። የአሲዱ ጨው ሲትሬት የሚጨመርበት የተለገሰ ደምም ሳይረጋ ፈሳሽ እንደሆነ የሚቆየው፣ ለመርጋት የሚያስፈልገውን ካልሲየም ሲትሬቱ አስቀድሞ ስለሚይዝበት ነው።