የገና ቡችላ ጣጣ

[ምስል፦ የበዓል ገበያ፤ በግ የሚጎትት ሰው፣ ዶሮ አንጠልጥላ የምትሄድ እናት]

እኛ አገር ለበዓል እንስሳ መስጠት ብርቅ አይደለም። ለወላጅ በግ ይላካል፤ ላልተሟላለት ጎረቤት ዶሮ ይገዛለታል። ተቀባዩ ስም አያወጣለትም። ክትባቱንም አይጠይቅም። ጣጣው በዓሉ ዕለት ጠዋት ያልቃል።

[ምስል፦ አንገቱ ላይ ቀይ ሪባን የታሰረ ቡችላ ከካርቶን ብቅ ሲል]

የዚህኛው ጣጣ ግን ገና መጀመሩ ነው። ቡችላ ከተመቸው 12፣ 13 ዓመት ይኖራል። ድመት 15ን ልትደፍን ትችላለች። ዛሬ ካርቶኑን የከፈተው የ7 ዓመት ልጅ፣ ውሻው ሲያረጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ያኔ ውሻውን ለሽንት የሚያስወጣው ማን ነው? እናት ናታ።

እንግሊዞች ይህን ነገር ቀደም ብለው አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1978 ዛሬ ዶግስ ትረስት የሚባለው የውሾች በጎ አድራጎት ድርጅት «ውሻ ለዕድሜ ልክ ነው፣ ለገና ብቻ አይደለም» የሚል መፈክር አወጣ። መፈክሩን የፈጠረችው ክላሪሳ ባልድዊን ናት። ይኸው ከ40 ዓመት በላይ ሆነው፤ አሁንም አላረጀም።

እዚህ ላይ ግን ፍርድ እንዳናዛባ። በስጦታ የመጣ እንስሳ ሁሉ ይጣላል ማለት አይደለም። የአሜሪካው የእንስሳት ተንከባካቢ ማኅበር ኤ.ኤስ.ፒ.ሲ.ኤ. እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ውሻ ወይም ድመት ከተሰጣቸው ሰዎች አብዛኞቹ እንስሳውን ይዘውት ነበር። ስለዚህ እኔ ስጦታነቱን አልኮንንም። ቀኑን ነው የምጠረጥረው።

[ምስል፦ ወደኋላ የሚገለጥ የግድግዳ ካላንደር]

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ያህል ነው። ቡችላ ደግሞ ቢያንስ 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ መለየት የለበትም። የፈረንጆቹ ገና በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ላይ ይውላል። ወደኋላ ቁጠሩ። ቡችላው ጥቅምት 20 አካባቢ መወለድ አለበት። እናቱ ወንድ ያገኘችው ደግሞ ነሐሴ 22 ግድም፣ ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ ነው ማለት ነው።

ደህና አርቢ እንዲህ አያሰላም። ጥቂት ውሾች ነው ያሉት። በየጊዜው አያስወልዳቸውም፤ ገዢውንም ወረፋ ያስይዘዋል። በበዓል ሰሞን በአንድ ጊዜ ለሚመጣው ገዢ ሁሉ የሚደርሰው ሌላው ነው። እናት ውሾችን ጠባብ ሳጥን ውስጥ ዘግቶ በላይ በላዩ የሚያስወልደው። «የቡችላ እርሻ» ይሉታል። ከዚያ የሚወጣው ቡችላ ፎቶ ላይ ያምራል። ጡት ሳይጠግብ፣ ክትባት ሳይጀምር፣ ሆዱ ትል እንደሞላ ይሸጣል። በዓሉ ካለፈ በኋላ ተቅማጥ ይጀምረዋል። ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ከሆነ፣ ካልታከመ ብዙ ጊዜ አይተርፍም።

ሉሲ የምትባል ውሻ ነበረች። ድንቅነሽን እርሷት፤ ይቺኛዋ ካቫሊየር ከሚባለው የትንንሽ ውሾች ዝርያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 ዌልስ ውስጥ ካለ የቡችላ እርሻ ስትወጣ፣ ጠባብ ቦታ ከመኖሯ የተነሣ ጀርባዋ ጎብጦ ነበር። በ2016 ሞተች። በስሟ የተጠራው ሕግ ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ በእንግሊዝ ሥራ ላይ ዋለ። ሱቅና ደላላ ከ6 ወር በታች የሆነ ቡችላና የድመት ግልገል መሸጥ አይችልም። የፈለገ ሰው አርቢው ዘንድ ሄዶ ቡችላውን ከእናቱ ጋር አይቶ ይገዛል። ፈረንሳይም ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ውሻና ድመት በሱቅ እንዳይሸጥ ከልክላለች።

[ምስል፦ የአዲስ አበባ መንገድ ዳር]

አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ዳር ቡችላ ታቅፎ የሚሸጥ ሰው አይታችሁ ይሆናል። እናቱ የት ናት? አይታወቅም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው 3 ወር ገደማ ሲሞላው ነው። ስለዚህ ያ በመዳፍ የሚያዝ ቡችላ አልተከተበም ብላችሁ ገምቱ። ቡችላ ደግሞ ሲጫወት በጥርሱ ነው። በሽታው አንዴ ምልክት ካሳየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ልጅ ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

በዓሉ ራሱም ለቡችላ አይመችም። ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ አሥር ልጅ ይቀባበለዋል። ከዚያ አንዱ አጎት አዝኖለት የዶሮ ወጥ ያቀምሰዋል። ዶሮ ወጥ ማለት ሽንኩርት ማለት ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው፣ የቀይ ደም ሴሉን ያፈርሳል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ቸኮሌትና ዘቢብም ለውሻ መርዝ ናቸው። ድመት ካለች ሊሊ የሚባለውን አበባ ከቤት አውጡ፤ ኩላሊቷን ያቆመዋል።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። የኪራይ ውሉን አንብባችኋል? ብዙ አከራይ ውሻ አይፈቅድም፤ ከፈቀደም ተጨማሪ ያስከፍላል። አባት የሌሊት፣ እናት የቀን ፈረቃ ከሆነ፣ በየጥቂት ሰዓቱ መውጣት ያለበት ቡችላ ምንጣፉ ላይ ይጨርሳል። እማማ አብረዋችሁ የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ጠይቋቸው። እሳቸው የሚያውቁት ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ሳሎን አይገባም። ሳይጠየቁ የገባባቸው ውሻ የሚያመጣውን ኩርፊያ እኔ አይቼዋለሁ፤ እስከ ፋሲካ ቆይቷል።

[ምስል፦ በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ትንሽ ሳጥን፤ ውስጡ የውሻ ማሰሪያ]

መስጠት ከፈለጋችሁ ማሰሪያውንና የምግብ ሳህኑን ጠቅልሉ። ውሻውን በዓሉ ካለፈ፣ ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ ከሚኖረው ሰው ጋር ሄዳችሁ ምረጡ። መጠለያ ውስጥ ጠባያቸው የታወቀ ትልልቅ ውሾችም አሉ።

እኛ ሚኒሶታ ላለው የእህቴ ልጅ ይህንኑ አደረግን። ማሰሪያውን ሰጠነውና፣ ለአንድ ሳምንት ጠዋት 12 ሰዓት ተነሥተህ ባዶውን ይዘህ ብሎኩን ዙር አልነው። ሁለት ቀን ዞረ። በሦስተኛው ቀን በረዶ ጣለ። አሁን የሚያወራው ስለ ዓሣ ነው።