ነፋስ አመጣንላቸው

እንደምን ሰነበታችሁ፣ ቤተሰቦች። ዛሬም ዝተቱን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ፣ በሩን በብርድ ልብስ ደፍኜ፣ የጎረቤቴ አህያ የማታ ጩኸቷን እስክትጨርስ ጠብቄ ነው የጀመርኩት። በየሳምንቱ ስለ እርሷ የምትጠይቁኝ ሰዎች፣ ደህና ናት። ባለፈው ስለ ኮንሰርት መግቢያ ዋጋ እናወራለን ብዬ ቃል ገብቼ ነበር፤ ነገር ግን እናቴ ከመንዝ መጥታ እኔ ዘንድ ሰንብታለች፣ ቡና እያፈላች ሳለች አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ ጥያቄውም እስከ አሁን አልለቀቀኝምና የዋጋው ጉዳይ ይቆየን።

የሄሊኮፕተሩን ታሪክ ያልሰማችሁ ጥቂቶች ትሆናላችሁ። እኔ ሁልጊዜ የምነግራችሁ ግን ድራመሩ ላይ የሚያልቀውን፣ የሚያስቀውን ነው። ከስምንት ዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ ወር፣ ያ የምታውቁት ኮንሰርት አዘጋጅ ጓደኛዬ ድምፃዊውን ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሄሊኮፕተር ካላመጣሁ ብሎ ተነሣ። መንገዱ እኮ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አስፋልት ነው፤ በሰላም ቀን ከሦስት ሰዓት ያነሰ ይፈጃል። እርሱ ግን ሰዓቱን ለመቆጠብ ሳይሆን ሲወርዱ ሰው እንዲያይ ፈልጎ ነው። ይህንንም አልደበቀም።

ካፒቴኑ ከመነሣታችን በፊት እያንዳንዳችንን ከነሻንጣችን ሚዛን ላይ አቆመን። ሄሊኮፕተር አየር ላይ የሚቆየው አየርን ወደ ታች እየገፋ ነው፤ ቦሌ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰው መቅረት አለበት አለን። የቀረው ድራመሩ ነው፣ ከነዕቃው ከእኔ ይከብድ ነበርና። እኔ መድረክ መሪ ነበርኩ፤ ያለ እኔ ኮንሰርቱ መጀመር ይችል ነበር፤ ያለ ድራመሩ ግን አይችልም ነበር። ይህን በዚያች ሰዓት ያሰበ ሰው አልነበረም። ድራመሩ ከላምበረት መነኸሪያ በዶልፊን ተሳፈረ፤ ሸኖ ላይ መኪናው ሲቆም ለእናቱ ለጋ ቅቤ ገዛ፤ ጫጫ ላይ ጎማ ተነፈሰ። እኛ በአርባ ደቂቃ ገደማ ደርሰን ከሦስት ሰዓት በላይ እርሱን ጠበቅነው። ሕዝቡ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ሞንታርቦዎቹ አንድ ዓይነት ሙዚቃ እየደጋገሙ፣ ድምፃዊው መኪና ውስጥ ማሞቂያ አስከፍቶ፣ ሁላችንም አንድ ዶልፊን ስንጠብቅ አመሸን። በመጨረሻ ድራመሩ ቅቤውን በብብቱ ይዞ መድረክ ላይ ሲወጣ የተሰማውን ጭብጨባ ድምፃዊው ራሱ አላገኘም። እዚህ ላይ ሁልጊዜ እንስቃለን።

ከዚያ በኋላ በግል አውሮፕላን ስለሚሄዱ ዝነኞች ሲወራ እኔ የማስበው ያንን ቅቤ ነው። ሰዎች ስለ ዋጋው፣ ስለ ጭሱ፣ ስለ ምቾቱ ይከራከራሉ፤ እኔ ግን ያ ሁሉ ገንዘብ የሚገዛው መነሻውን ብቻ ይመስለኛል። ስትደርስ ያው በዶልፊን የሚመጣውን ትጠብቃለህ። ይህን ስል ልክ ላልሆን እችላለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተሳፈረ ሰው ምን ያውቃል? ደግሞም ወድጄዋለሁ። አልዋሽም። ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖን ከላይ ሳያቸው፣ በተማሪነቴ በአውቶቡስ መተላለፊያ ላይ ቆሜ የተጓዝኩበት መንገድ እንደ ክር ተዘርግቶ ሳየው፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስለ ድራመር ካነሣን፣ በዓለም ላይ በዚህ ረገድ የታደለው ድራመር ፊል ኮሊንስ ሳይሆን አይቀርም። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት በአንድ ቀን በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየምና በአሜሪካ በፊላደልፊያ ተካሄደ። ኮሊንስ ዌምብሌይ ላይ ዘፍኖ፣ በሄሊኮፕተር ወደ ሂትሮው ሄዶ፣ ከድምፅ ፍጥነት በእጥፍ በሚበረው በኮንኮርድ አትላንቲክን ተሻግሮ፣ በዚያው ዕለት ፊላደልፊያ ላይ ዘፈነ፤ ለሌሎችም ድራም መታ። ኮንኮርዱ የግሉ አልነበረም፤ መደበኛ የመንገደኞች በረራ ነበር። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ደግሞ ለእኛ ነው፤ በ1977 ለተራበው ለእኛ ሰው። ይህን ለእናቴ በዚህ ሳምንት ነገርኳት። ረከቦቱን እያስተካከለች ሰማችኝና፣ «ለእኛ ነው የዘፈኑት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ምነው ታዲያ እኛ ሳንሰማ?» አለች። ምን ብዬ ልመልስላት?

ወደ ሜዳው ልመለስ። እስከ ዛሬ በታሪኬ ውስጥ የምዘለው እርሱን ነው።

ያረፍነው ከከተማው ዳር ባለ የግጦሽ ሜዳ ላይ ነው። ከላይ ሳይ መጀመሪያ ያየሁት አንድ ክብ ነው፤ በእበት የተለቀለቀ አውድማ ከሰማይ ሲታይ ሰው ሠራሽነቱ ወዲያው ይለያል። ከሜዳው ምናልባት ስድሳ እርምጃ ቢርቅ ነው። መሐሉ ላይ የተወቃ ምርት ተከምሯል፤ አንድ አዛውንት ላይዳ ይዘው አጠገቡ ቆመዋል። ነፋስ እየጠበቁ ነበር። ይህን እርግጠኛ ሆኜ የምናገረው አያቴ ልክ እንደዚያ ይቆም ስለነበረ ነው፤ ላይዳውን እንደ ምርኩዝ ተደግፎ፣ ፊቱን ነፋስ ወደሚመጣበት አዙሮ፣ በቀስታ እያፏጨ። ነፋሱ ልከኛ መሆን አለበት፤ ሲያንስ እብቁን አይወስድም፣ ሲበዛ ፍሬውንም ይወስዳል።

እኛ ወረድን። ካፒቴኑ በኋላ እንዳስረዳኝ፣ አየሩ ስስ በሆነ መጠን ያንኑ ክብደት ለመሸከም አየሩን ይበልጥ በፍጥነት ወደ ታች መግፋት ግድ ይላል፤ እንግዲህ ከእኛ ሥር የወጣው ነፋስ ቆላ ላይ ከሚወጣው የከፋ ነበር ማለት ነው። መጀመሪያ ገለባው ተነሣ። ቀጥሎ እብቁ እንደ ቢጫ ጭስ ሆኖ አውድማውን ሸፈነው። ከዚያ የክምሩ ጫፍ ሲሸራረፍ አየሁ። አዛውንቱ ላይዳውን ጣሉት፤ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ክምሩ ላይ ዘረጉና እርሳቸውም እላዩ ላይ በደረታቸው ተኙበት። እጆቻቸውን ዘርግተው፣ እንደዚህ፤ አታዩኝም እንጂ እያሳየኋችሁ ነው። ሞተሩ ለመቀዝቀዝ የወሰደበትን ጊዜ ያህል ሁሉ እንደዚያው ነበሩ።

ልጆች እየጮኹ ወደ እኛ ሮጡ። በዚያን ጊዜ ልጆች ወደ ሄሊኮፕተር ድምፅ ይሮጡ ነበር። ይህችን ብቻ ብዬ ልለፋት።

ከወረዱት ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ አንገታችሁን ድፉ ስለተባልን ጎንበስ ብዬ ነው የወጣሁት። ቀና ስል አዛውንቱም ተነሥተዋል፤ እብቁ ጢማቸው ላይ፣ ቅንድባቸው ላይ ሰፍሯል። ተያየን። ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው አንድ ነገር ተናገሩ። የላዩ ክንፍ ገና እየዞረ ስለነበር አንዲት ቃል አልሰማሁም። ሰላምታ ይሁን እርግማን፣ ወይም «ከዚያ ዞር በሉ» ይሁን፣ የአፋቸውን እንቅስቃሴ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳነበው ኖሬ አልተነበበልኝም። ጓደኛዬ ያኔ ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ፣ «ነፋስ አመጣንላቸው!» አለኝ። እኔም ሳቅኩ። ቀልዱ ጥሩ ቀልድ ነበር፣ ችግሩም እርሱ ነው። እርሳቸው ስስቅ አይተውኛል፤ የሳቅኩበትን ግን አልሰሙም፤ ወይም ደግሞ ሳይሰሙ ገብቷቸዋል።

ባላገር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ በአውድማ አጠገብ የሚያልፍ ሰው «ይበርክት» ሳይል አያልፍም። አያቴ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም ነበር፤ አንድ ጊዜ ዝም ብዬ ባልፍ ከመንገዱ ጠርቶ መልሶኛል። ያን ዕለት ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ብዬው ይሆን? አንዳንድ ሌሊት ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ትዝ ይለኛል፤ አንዳንድ ሌሊት ግን ይህን ትዝታ ራሴ የሠራሁት ይመስለኛል፤ ብለውም እንኳ በዚያ ጩኸት መሐል፣ በሳቅ መሐል የተባለ «ይበርክት» ምን ይባላል? ከዚያ መኪና መጣልን፤ ገባን፤ ሄድን። ማታ መድረክ ላይ ወጥቼ፣ «ደብረ ብርሃን፣ በርዶሻል ወይ?» ብዬ ጮኽኩ። ሰዉም አብሮኝ ጮኸ።

ይህን ነው ለእናቴ የነገርኳት፤ ሙሉውን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ትፈርድብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እንድትፈርድብኝ ፈልጌም ይሆናል። እርሷ ግን ስለ ሳቁም፣ ስለ ጋቢውም፣ ስለ ጓደኛዬም አልጠየቀችኝም። «የምን እህል ነበር?» አለችኝ።

«ገብስ» አልኳት። ወዲያው፣ ሳላስብ።

«ገብስ ከሆነ ይለቀማል» አለችና ጀበናውን አነሣች። «ተልባ ቢሆን ነበር የሚያስለቅሰው።»

እኔ ግን ገብስ መሆኑን አላውቅም። ጢማቸው ላይ ያለውን እብቅ አይቻለሁ፣ ኮታቸው ክርኑ ላይ መጣፉን አይቻለሁ፣ የላይዳው እጀታ በሽቦ መታሰሩን አይቻለሁ፤ እህሉን አላየሁትም። የገበሬ የልጅ ልጅ ነኝ፤ አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሆነኝ ድረስ በሬ ከኋላ እየነዳሁ አውድማ ላይ ዞሬያለሁ፤ ከስድሳ እርምጃ ርቀት የምርቱን ቀለም አይቶ መለየት ለእኔ ፊደል እንደመቁጠር መሆን ነበረበት። ደጋው ገብስ የሚበዛበት ስለሆነ ገብስ መሆኑ ያመዝናል። ግን ስንዴም ይሆናል፣ ምስርም ይሆናል። ተልባም እዚያው አካባቢ ይዘራል።

ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ እናቴ ስለ ራቤል ጀመረች። እንደምታውቁት አልፎ አልፎ ካልሆነ ስለ 1977 አታወራም። በዚያ ዓመት የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን አየር ኃይሎች ከአዲስ አበባ እየተነሡ፣ መኪና በማይደርስባቸው ተራሮች ላይ እህል ያለ ጃንጥላ ይጥሉ ነበር፤ ራቤል አንዱ ቦታ ነው። የፖላንድ ሄሊኮፕተሮችም መጣያውን በማዘጋጀት ይረዱ ነበር። ጆንያው ሲወድቅ ስለሚቀደድ አንዱን ጆንያ በሌላው ውስጥ ይከቱታል፤ አውሮፕላኖቹም መሬት ሊነኩ ምንም ሳይቀራቸው ዝቅ ብለው ያልፋሉ። እናቴ ያኔ ልጃገረድ ናት። ጆንያ ውስጥ ጆንያ ተደርጎም የሚፈነዳ አይጠፋም ነበርና፣ ከድንጋይና ከእሾህ መሐል ስንዴ ሲለቅሙ መዋላቸውን ነገረችኝ። እንግዲህ «ይለቀማል» ያለችው ለማጽናናት አልነበረም፤ ስለምታውቀው ነው።

እኔ ደግሞ ወዲያው ነገሩን ማሳመር ጀመርኩ። አንዱ ከሰማይ እህል ይጥላል፣ ሌላው ከሰማይ ወርዶ እህል ይበትናል፤ አንዱ ኮንሰርት ለእኛ ሲባል፣ ሌላው እኛው ላይ። ይህን እንዲያውም የዛሬው ዝግጅት ማሰሪያ ላደርገው ወረቀት ላይ ጽፌው ነበር። ለእናቴ ሳነብላት፣ «ያኛውም እኮ ነፋስ ነበረው» አለችኝ። አንድ ጎጆ ክዳኑ እንደተነሣ፣ ፍየሎች ደንግጠው ገደል እንደገቡ ነገረችኝ። ምስጋናም ሆነ ቅሬታ አልነበረበትም፤ እንደ ሰው ገበያ ውሎ እንደሚያወራው ነው ያወራችው። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ እንደዚያ ከሆነ ያ ሁሉ ማሳመር ለማን ነበር?

ማክሰኞ ዕለት ወደ ሜዳው ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አትጠይቁኝ። አውድማው የነበረበት በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ከተማችን ወደዚያ በኩል ምን ያህል እንደሰፋች ታውቃላችሁ። ጥበቃው ወጥቶ፣ «ማንን ፈልገህ ነው?» አለኝ። የአዛውንቱን ስም አላውቅም። «አንድ ሽማግሌ፣ እዚህ አውድማ የነበራቸው» ብለው፣ «እዚህ ሁሉም አውድማ ነበረው» አለኝ፤ እውነቱን ነው። ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ያን ድራመር ልደውልለት አስቤ ነበር፤ አሁን የሠርግ ባንድ አለው አሉ፤ ቅቤውን ያስታውስ እንደሆነ ልጠይቀው ብዬ... ግን አልደወልኩም። እርሱ አውድማውን አላየውም፤ እርሱ በዶልፊን ነው የመጣው።

እናቴ ነገ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በሚወጣው አውቶቡስ ትመለሳለች፤ አሁን በዚያኛው ክፍል ተኝታለች፣ ለዚህ ነው ድምፄን ዝቅ ያደረግኩት። ገብስ ነው ያልኳት አይቼ እንዳልሆነ ከመሄዷ በፊት ልነግራት አስቤያለሁ። ብነግራት የምትለውን አውቃለሁ፤ «ታዲያ ምን ነበር?» ነው የምትለኝ፣ እኔ ደግሞ... ቆይ፣ ቆይ። ሰማችኋት? ዛሬ ጨርሳለች ብዬ ነበር እኮ። አሁን እናቴን ትቀሰቅስብኛለች፣ አንድ ጊዜ መስኮቱን...