ቀጣይዋ ሙሽራ ሚዜዎቹ መሃል ናት

(አዲስ አበባ ውስጥ ለወጣት ፎቶ አንሺዎች የቀረበ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ! ቅዳሜ ጠዋት ይህን ያህል ፎቶ አንሺ አንድ አዳራሽ ውስጥ ማግኘት የሚቻለው በዐቢይ ጾም ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ግማሻችሁ አሁን ሙሽራዋ ቤት ናችሁ፤ ሜካፑ እስኪያልቅ ሳሎን ውስጥ ትጠብቃላችሁ። በእነዚህ 55 ቀናት ስልካችን ይቀዘቅዛል። ዳግማይ ትንሣኤ ሲደርስ ደግሞ ሩጫው ይጀምራል። ስለዚህ ጊዜው ካለን አይቀር፣ ያ ሩጫ ለአንዳንዱ ሞልቶ ሲፈስ ለሌላው ለምን እንደማይደርሰው እንነጋገር።

ከእናንተ መሃል ጎበዝ የሆኑ ልጆች አሉ፤ ሥራችሁን አይቻለሁ። ብርሃን ታውቃላችሁ፣ ሰዓቱን ጠብቃችሁ ትነካላችሁ። እንዲያም ሆኖ ለሚያዝያ አንድ ቀብድ ያልያዘ ልጅ እዚህ ተቀምጧል። ይህ ያበሳጨኛል። ችሎታ ያለው ሰው ሥራ አጥቶ ካሜራውን ሲሸጥ ማየት አልፈልግም።

ሁለት ነገር ነው የምነግራችሁ። ጠባይና መታየት። በእኛ ሥራ አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም። ጠባይ ያለው ሰው ካልታየ አያገኝም። የታየ ሰው ደግሞ ጠባይ ከሌለው አንድ ሰሞን ይሠራና ስልኩ ጸጥ ይላል።

ከጠባይ ልጀምር። አብዛኛው ሙሽራ ስለ ሌንስ አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። የሚያውቀው ያን ቀን እንዴት እንዳሳለፍነው ነው። ጉልበት የሚሳምበትን ሰዓት አስቡ። ልጅቷ ጎንበስ ስትል እናት እያለቀሱ ይመርቃሉ። በዚህ መሃል አንዱ ፎቶ አንሺ "እማማ፣ አልያዘልኝም፣ አንዴ ይድገሙልኝ" ይላል። የእናት እንባ እንዴት ይደገማል? ያንን ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ ያያል። አክስት ታያለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ልጇን የምትድር ጎረቤት ታያለች። ሌላው ፎቶ አንሺ ደግሞ ጠዋት ሲገባ ለአባትየው ዝቅ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፣ መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ ያያል፣ ከዚያ "አባባ፣ ሲመርቁ እዚህ ጋ ቢቀመጡ ብርሃኑ ያምራል" ብሎ ከሰዓታት በፊት ወንበሩን አስተካክሎ ይጠብቃል። እሱ ድገሙ አይልም። ካሜራቸው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ጎረቤቲቱ ስልክ ቁጥር የምትጠይቀው ግን ሁለተኛውን ነው።

ቤተ ክርስቲያንም እንደዚያው ነው። ጫማ ማውለቅ አይበቃም። የት ድረስ መቅረብ እንደሚቻል፣ ፍላሽ ይፈቀድ እንደሆነ ከዋዜማው ካህናቱን ጠይቁ። ኒካህ ላይ ደግሞ የሴቶቹን ክፍል ማን እንደሚያነሳ አስቀድማችሁ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገሩ። ሴት ፎቶ አንሺ የሚፈልግ ቤተሰብ ብዙ ነው። ሴት ባልደረባ ይዞ የሄደ ሰው እዚያ ሰፈር ስሙ ይቀራል።

መዘግየትም አለ። 10 ሰዓት ፓርክ እንገባለን የተባለው 12 ሰዓት ይሆናል። የፈለጋችሁት ብርሃን ይሄዳል። ይገባኛል፣ ያበሳጫል። ግን ሙሽሮቹ እናንተን እያዩ ነው ፊታቸውን የሚያበጁት። እናንተ ከተኮሳተራችሁ እነሱም ይጨነቃሉ፣ ጭንቀቱ አልበሙ ላይ ለዘላለም ይቀመጣል። በቀረችው ግማሽ ሰዓት ምን እንደምታነሱ ወስኑና ሥሩ።

አሁን ወደ መታየት ልምጣ። እዚህ ላይ አስተዳደጋችን ይከብደናል። "እዩኝ እዩኝ ያለች ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች" እየተባልን ነው ያደግነው። ተረቱን እወደዋለሁ፤ ራሱን እያገነነ የሚኖር ሰውን በትክክል ይገልጻል። የሠሩትን ማሳየት ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ልጆች "ሥራዬ ራሱ ይናገራል" ይላሉ። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የተቀመጠ ሥራ ለማን ይናገራል? ሸማኔ ጥበቡን ገበያ ላይ ይዘረጋል። ማንም ጉረኛ ብሎት አያውቅም።

አይዳ ሙሉነህን አስቡ። አሜሪካ ተምራ ለዋሽንግተን ፖስት ፎቶ ያነሳች ሴት ናት። አገሯ ከተመለሰች በኋላ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች። እዚህ አገር ያለ ፎቶ አንሺ ሥራውን ከሌላው ዓለም ጎን ሰቅሎ የሚያሳይበት መድረክ ስለጠፋ ራሷ ሠራችው። የእሷ ሥራ በዓለም ትልልቅ ቦታዎች ይታያል፤ ለሌሎቹም በር ከፍታለች። እንዲህ ዓይነቱን መታየት ነው እኔ የማከብረው።

ወደ እኛ ሰርግ ስመለስ፣ መታየት የሚጀምረው በማግስቱ ነው። ቅዳሜ ሰርጉ ካለፈ፣ እሑድ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ የዚያን ሰርግ ፎቶ ይፈልጋል። መልሱና ቅልቅሉ ገና ስላላለቀ ወሬው ትኩስ ነው። ከሦስት ወር በኋላ የምታስረክቡት አልበም የቱንም ያህል ቢያምር ያን ሰዓት አያገኘውም። ስለዚህ ያን ሌሊት ከመተኛታችሁ በፊት 10 ፎቶ መርጣችሁ፣ በቀላሉ አስተካክላችሁ፣ ለሙሽሮቹ ላኩ። ቴሌግራም እንደ ፎቶ ስትልኩት ይጨምቀዋል፤ ለስልክ ይበቃል። ለማሳተም የሚሆነውን በኋላ እንደ ፋይል ላኩት። ሙሽራዋ በራሷ ገጽ ላይ ስትለጥፈው ስማችሁ አብሮ ይሄዳል፤ ያን ማስታወቂያ በገንዘብ አትገዙትም።

ከዚያ ሚዜዎቹ። እባካችሁ ሚዜዎቹን አትርሱ! ከሙሽራዋ ጎን የቆሙት ልጆች እኩዮቿ ናቸው። አንዷ ቀለበት አስራለች፣ የአንዷ ሽማግሌ ሊላክ ነው። ብዙ ፎቶ አንሺ ግን እንደ ጀርባ መጋረጃ ያያቸዋል፤ በሰልፍ አንዴ ያነሳቸውና ያልፋል። እናንተ ለእያንዳንዷ አንድ ቆንጆ ፎቶ ለብቻዋ አንሱላት። ስልኳን ተቀብላችሁ ላኩላት። አንድ ደቂቃ ነው የሚወስደው። የፕሮፋይል ፎቶዋ ይሆናል። የእሷ ቀን ሲደርስ ሌላ ሰው ለመፈለግ ምክንያት የላትም።

ሜካፕ የሠራችው ልጅ፣ ዲኮር የሠራው ልጅ፣ ቬሎ የሚያከራየው ቤትም የራሳቸውን ሥራ ፎቶ ይፈልጋሉ። በማግስቱ ላኩላቸው። ሙሽራ ብዙ ጊዜ "ፎቶ አንሺ ታውቃላችሁ?" ብላ የምትጠይቀው እነሱን ነው። ውጭ ያለውም ሰው አለ። ከዋሽንግተን መጥቶ ሊያገባ የሚያስብ ልጅ የሚያየው ገጻችሁን ብቻ ነው። እሱ ከሥራ ወጥቶ መልእክት ሲጽፍላችሁ እዚህ እኩለ ሌሊት አልፏል። ጠዋት ስትነሱ መጀመሪያ የምትመልሱት እሱን ይሁን። ዋጋውን፣ ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ፣ መቼ እንደምታስረክቡ አንድ ላይ ጻፉለት። "ውስጥ መስመር አናግረኝ" ብቻ ብሎ መተው ሰው ያሸሻል።

አንድ ነገር ግን በጣም አጥብቄ እናገራለሁ። ሳይፈቀድላችሁ አትለጥፉ። ቀብድ ስትቀበሉ፣ የትኛው ፎቶ ገጻችሁ ላይ እንደሚወጣ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ፀጉሯን ገልጣ በሴቶች መሃል የተነሳች ሙሽራ፣ እያለቀሱ ያሉ አባት፣ የሌላ ሰው ሕፃን... እነዚህ የእናንተ ማስታወቂያ አይደሉም። "አይ" ካሉ አይ ነው፤ ፊታችሁም አይቀየር።

ስለ ዋጋ ትንሽ ልበል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ካሜራና ሌንስ ምን ያህል እንደተወደደ ታውቃላችሁ። ገና ጀማሪ ከሆናችሁ አትበደሩ፤ ሌንስ ተከራዩ፣ ለትልልቆቹ ሁለተኛ ካሜራ ሆናችሁ ሥሩ። ዋጋችሁን ግን በሐሜት አታስጠብቁ። "እገሌ እኮ ፎቶ አያስረክብም" ብሎ ደንበኛ የሚያሳምን ልጅ፣ ደንበኛው ነገ ስለ እኔስ ምን ሊል ነው ብሎ እንደሚያስብ አያውቅም። ቀናችሁ ከተያዘ ሥራውን ለጓደኛ አሳልፉ። ጥር ላይ ያሳለፋችሁት ግንቦት ላይ ይመለስላችኋል፤ እኔ በዚህ መንገድ ያገኘሁት ሥራ ብዙ ነው።

የቦያጂያንን ቤተሰብ ታሪክ ሳስብ ይህ ሁሉ ይመጣብኛል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአጤ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ከእሱ በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ተከተሉ፣ እስከ አጤ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድረስ። ዙፋን ላይ የሚቀመጠው ሲለዋወጥ ያ ቤተሰብ ደጁን አላጣም። ችሎታ እንደነበራቸው ፎቶዎቹ ይመሰክራሉ። እኔ ግን የት መቆም እንዳለባቸው፣ መቼ ካሜራውን ዝቅ ማድረግ እንዳለባቸው የሚያውቁ ሰዎች እንደነበሩም አምናለሁ። በዚያ ግቢ ያን ያህል ዘመን ያለ ጠባይ መቆየት የሚቻል አይመስለኝም።

እሺ፣ አሁን ስልካችሁን አውጡ። ከሠራችሁት ሁሉ 10 ፎቶ ምረጡ። 10 ብቻ። ከሻይ በኋላ እዚያ መስኮቱ ጋ ያለው ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ፤ የሁላችሁንም ሳላይ አልሄድም። ከሥራችሁ ጋር ስማችሁን፣ የት እንደምትሠሩና ለሚያዝያ የትኛው ቀን ክፍት እንደሆነ ንገሩኝ። የእኔ ቀኖች ተይዘዋል፤ ለሚደውሉልኝ ሰዎች የማን ቁጥር እንደምሰጥ ዛሬ መወሰን እፈልጋለሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁት ቀድማችሁ ኑ።