ወንበር የሰበረ ስንት ይቀጣል?

ሰላም ሰላም። ያው በረንዳዬ ላይ ነኝ፤ አውራ ዶሮው ከጮኸ አልቆርጠውም፣ ለምዳችሁታል። ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ እቀጥላለሁ ብዬ ነበር አይደል? ይቆየን። የእሁዱን ሳላወራ ሌላ ነገር አይወጣኝም።

የእድር ስብሰባ ነበር፣ ባህር ዳር አባይ ማዶ። እኔ እማዬን ወክዬ ነው የምሄደው፣ ጉልበቷን ታውቃላችሁ። አጀንዳ አንድ ድንኳን። አጀንዳ ሁለት... ድንኳን። (ሳቅ) የእውነቴን ነው! አንዱ ስለ አሮጌው፣ አንዱ ስለ አዲሱ። መጨረሻ ላይ ከሴቶችና ማህበራዊ ጉዳይ ለመጣች ልጅ አምስት ደቂቃ ተሰጣት፤ ከህዳር 16 እስከ ታህሳስ 1 ያለው፣ በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃት የሚወገዝበት የነጭ ሪባን ሰሞን ስለሆነ። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦ ሚስቱን የሚደበድብ አባል ካለ እድሩ የሚጠይቅበት አንቀጽ ደንቡ ላይ ይግባ። ሰብሳቢው "ልጄ፣ እኛ ቀባሪዎች ነን። የባልና የሚስት ነገር በሽማግሌ፣ በነፍስ አባት ያልቃል" አሏት።

ይሄኔ ከኋላ አንዲት ሴት ተነሳች። እጇን አላወጣችም፣ ዝም ብላ ቆመች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች። ሰዉ ሁሉ ዞሮ ማንን አየ? ባሏን። እኔም ያየሁት እሱን ነው። በጫማው ጫፍ ጠጠር ይገፋል።

"ወንበር የሰበረ ስንት ነው የሚቀጣው?" አለች።

ገንዘብ ያዡ የዋህ ሰው ናቸው፤ መዝገባቸውን ገልጠው "ወንበሩን ይተካል፣ ሁለት መቶ ብር ቅጣት ደግሞ አለው" አሏት።

"ሳህንስ?"

"ሳህን ዋጋውን ብቻ።"

"እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ቁጭ።

በቃ። የሳቀ የለም፣ ያጉረመረመ የለም። ጸሐፊው ብቻ መጻፉን አላቆመም፤ ምን እንደጻፈ ባይ ደስ ይለኝ ነበር።

ለእኔ ግልጽ ነበር። ለፕላስቲክ ወንበር አንቀጽ አላችሁ፣ ለእኔስ? ነው ያለችው። አይደል? በአዲሱ ድልድይ በእግር ስንመለስ ለእህቴ ይህንኑ ስነግራት "ኧረ ባክሽ! ባለፈው ለቅሶ ላይ ልጇ ወንበር ሰብሮ የለ? ዕዳዋን ነው የጠየቀችው" አትለኝም? እሺ፣ ሳህኑስ? ሳህን ማን ሰበረ? ...አላውቅም። ልጁ ሰብሮት ይሆናል።

የ2008ቱን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ አይታችሁታል? ባል ሚስቱን የሚመታበት በቂ ምክንያት አለ ያሉት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች 28 በመቶ። ከተጠየቁት አምስት ምክንያቶች ቢያንስ በአንዱ የተስማሙ ማለት ነው፤ አንዱ ምክንያት ደግሞ ምግብ ማሳረር ነው። ይሄን ቁጥር አንስተው "እናንተው ናችሁ" የሚሉን አሉ። እኔ የምጠረጥረው ወንዱ ለጠያቂ ምን እንደሚባል ያውቃል። ሴቷ የምትኖረውን ተናገረች። ወይ ደግሞ... በእውነት አምናበት ይሆናል። እሱ ነው የሚከብደኝ።

ሕጉማ አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት ይላል፣ ያለ ጋብቻ አብሮ የሚኖርንም ይጨምራል። ግን እሷ ነገ ለቅሶ ሲደርስባት የሚመጣው 564 አይደለም፣ እድሩ ነው። ለዚህ ነው የልጅቷ ሐሳብ ደስ ያለኝ፤ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ባይፈራ እድር መባረር ይፈራል።

የሚያናድደው ሌላው ነገር፣ ያቺ ሴት መዝገቡ ላይ የለችም። የባሏ ስም ነው ያለው፤ በእኛ እድር ሴት በስሟ የምትገባው ባሏ ሲሞት ነው። ሽንኩርት ስትከትፍ ግን ማንም መዝገብ አያይም! ድምፅ የሚሰጠው ለአንድ ቤት አንድ ስለሆነ ስለ እሷ ጉዳይ ቢመረጥ እጁን የሚያወጣው ያ ጠጠር የሚገፋው ሰው ነው። ለነገሩ ነገሩ ለድምፅም አልደረሰም፣ "ለኮሚቴው ይመራ" ተባለ። ኮሚቴው ሰባት ወንድ ነው።

አንቺ ለምን አትገቢም ትሉኛላችሁ፣ አውቃለሁ። ተወካይ መመረጥ ይችላል? ደንቡን ማየት አለብኝ። እማዬ ደግሞ "ከወንዶቹ ጋር ከምትጨቃጨቂ ሴቶቹ ለብቻችሁ አቋቁሙ" ትላለች። የሴቶች እድር ሞልቷል፣ እውነቷን ነው። ግን ያን ጊዜ ወንዶቹ ያለ ጠያቂ ሊቀሩ አይደል? ደግሞ ድስቱም ብረት ምጣዱም በዚህኛው እድር ስም ነው፣ እኛ በገዛነው... እንጃ፣ እስቲ መጀመሪያ ደንቡን ላግኘው፤ ፎቶ ኮፒ አይሰጥም ብለውኛል።