እንጨት በፖስታ የተላከላቸው ሰው

እስኪ ይህን የጣውላ ቁራጭ እዩት። ቴምብር ተለጥፎበታል። ጎኑ ላይ «ወለድ ይቀነስልን» የሚል ልመና ሰፍሯል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የቆመባቸው የአሜሪካ ቤት ሠሪዎች እንዲህ ያለ ጣውላ ወደ ማዕከላዊ ባንካቸው፣ ወደ ፌዴራል ሪዘርቭ ይልኩ ነበር። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

ተቀባዩ ሊቀመንበሩ ፖል ቮልከር ናቸው። ቁመታቸው 2 ሜትር፣ ሲጋር ከእጃቸው የማይጠፋ ሰው። ምን ቢያደርጉ ነው ሰው እንዲህ የተማረረው?

በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኑሮ ተወደደ። ገዢው ነገ ይጨምራል ብሎ ዛሬ ይገዛል። ሠራተኛው ደመወዝ ይጨመርልኝ ይላል። ነጋዴውም ያንን ዋጋው ላይ ይደርበዋል። በ1980 ግሽበቱ ከ14 በመቶ አለፈ።

ቮልከር ሊቀመንበር በሆኑ በሁለት ወራቸው፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1979፣ ቅዳሜ ማታ ጋዜጠኞችን ጠሩ። ባንኩ ከእንግዲህ የገንዘቡን መጠን ይቆጣጠራል፤ ወለዱ የደረሰበት ይድረስ። ገንዘብ ሲያጥር ተበዳሪ ይሻማል፣ ወለድም ይሰቀላል። በ1981 ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ወለድ 20 በመቶ አካባቢ ገባ። በዚህ ወለድ ማን ቤት ይሠራል? መኪና ሻጮች ያልተሸጡ መኪኖችን ቁልፍ ላኩ። ገበሬዎች በትራክተር መጥተው የባንኩን ሕንፃ ከበቡ። በ1982 መጨረሻ ሥራ አጥነት 10.8 በመቶ ደረሰ። ይህ ሊቃለል አይገባም፤ እርሻቸውን ያጡ ቤተሰቦች ነበሩ።

ገዢ ሲቀንስ ግን ዋጋም መናሩን ቀነሰ፤ በ1983 ግሽበቱ ወደ 3 በመቶ ገደማ ወረደ። ለእኔ ከውሳኔው በላይ የሚከብደው ጣውላው እየመጣም መጽናታቸው ነው።

ኑሯቸውንም እዩ። ቮልከር የኒው ዮርኩን ቅርንጫፍ መሪነት ትተው ሲመጡ ደመወዛቸው በግማሽ ያህል ቀነሰ። ባለቤታቸው ታማሚ ነበሩ፤ ኒው ዮርክ ቀሩ። እሳቸው ዋሽንግተን ውስጥ ተማሪ በሚበዛበት ሰፈር ጠባብ ቤት ተከራዩ። የሚታጠብ ልብሳቸውን ሻንጣ ውስጥ አድርገው ልጃቸው ቤት ይወስዱ ነበር።

ለሕዝብ ሥራ ሲሉ ምቾትን መተው ከቤት የመጣ ይመስለኛል። አባታቸው ኒው ጀርሲ ውስጥ የቲኔክ ከተማ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ።

በ1987 ሥልጣን ለቀቁ እንጂ አላረፉም። በናዚ የተጨፈጨፉ አይሁዶች በስዊስ ባንኮች የተዉትን ገንዘብ የሚያፈላልገውን ኮሚቴ መሩ። በ2004 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የኢራቅ «ነዳጅ ለምግብ» ፕሮግራም ላይ የተነሳውን የሙስና ክስ መረመሩ። በ2013፣ በ85 ዓመታቸው፣ የመንግሥት ሥራ ይሻሻል ብለው ድርጅት አቋቋሙ። ያረፉት በ2019 ነው።